ጨለማው ሀብታችን ነው፤ ሌሊቱስ?

ጎንደር ውስጥ መብራት ሲጠፋ ሁለት ዓይነት ሰው ታያላችሁ። አንደኛው «ስልኬ እኮ 8 ፐርሰንት ነው!» እያለ ጄኔሬተር ያለው ካፌ ፍለጋ የሚወጣው ነው። ሁለተኛው ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ደመና አለ ወይስ የለም ብሎ አንገቱን ወደ ላይ ያቀናል። እኔ ከሁለተኞቹ ወገን ነኝ። መብራት መጥፋቱን ወድጄው አይደለም፤ ይህን የምጽፍበት ላፕቶፕም ባትሪው አሮጌ ነው። ግን ከተማው ሲጨልም ከላይ የሚበራው ነገር ብዙ ነው።

ቲክቶክና ኢንስታግራም ላይ ቀይና ሰማያዊ ደመና የሚመስሉ የጠፈር ፎቶዎች ሳታዩ አልቀራችሁም። ብዙዎቻችን «ያው ናሳ ነው» ብለን እናልፋቸዋለን። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ከእነዚህ ፎቶዎች ብዙዎቹን ያነሷቸው የቀን ሥራቸው ሌላ የሆነ ተራ ሰዎች ናቸው። አንዱ ጀርመን ውስጥ ከጓሮው፣ ሌላው ቺሊ በረሃ ላይ፣ ሌላው ናሚቢያ ውስጥ ድንኳን ተክሎ ያነሳው ነው። ታዲያ ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከስሜን ተራሮች የተነሳ የኔቡላ ፎቶ ለምን እንደ ልብ አናይም?

ሰማዩ ስላልተመቸ አይደለም። መሣሪያው ውድ ስለሆነ ብቻም አይደለም። የኔ ክርክር ይሄ ነው፦ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዋናው ግብዓት ጨለማና ጊዜ ነው። ጨለማው አለን፤ ጊዜውም አለን። ያጣነው ሌሊቱን ነው።

ኔቡላ ትንሽ አይደለም፣ ደብዛዛ ነው

ኔቡላ በከዋክብት መካከል የተንሰራፋ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። አንዳንዱ አዳዲስ ከዋክብት የሚወለዱበት ማህፀን ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ዕድሜው ያለቀ ኮከብ ትቶት የሄደው ቅሪት ነው። በጣም ዝነኛውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ምሽቶች በአንድ መስመር የተሰለፉ ሦስት ብሩህ ከዋክብት ታያላችሁ። የኦሪዮን መቀነት የሚባሉት እነሱ ናቸው። ከእነሱ ወደ ደቡብ በኩል ትንሽ ራቅ ብሎ፣ እንደ ኮከብ ያልጠራ፣ ጭጋግ የመሰለ ነጥብ አለ። እሱ የኦሪዮን ኔቡላ ነው።

ርቀቱ 1,350 የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ይህ ማለት ዛሬ ማታ ዓይናችሁ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ከዚያ የተነሳው ከ1,350 ዓመት በፊት ነው። አፄ ፋሲል በ1630ዎቹ እ.ኤ.አ. ጎንደርን ሲቆረቁሩ ያ ብርሃን ከመንገዱ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሶ ነበር። ግንቡ ሲሠራ፣ ሲፈርስ፣ ሲታደስ እሱ ግን መንገድ ላይ ነበር።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኔቡላ በጣም ትንሽ ስለሆነ ግዙፍ ቴሌስኮፕ ካልሆነ አይታይም ይላል። አይደለም። የኦሪዮን ኔቡላ ሰማይ ላይ የሚይዘው ስፋት የሙሉ ጨረቃን ሁለት እጥፍ ያህላል። ሮዜት የሚባለው፣ ጽጌረዳ የሚመስለው ኔቡላም ከሁለት ጨረቃ በላይ ይሰፋል። የአንድሮሜዳ ጋላክሲ ደግሞ ስድስት ጨረቃ ጎን ለጎን ቢደረደር የሚይዘውን ያህል ነው። ችግሩ ትንሽነታቸው ሳይሆን ድብዘዛቸው ነው።

ቀለሙም እንዲሁ። ዓይናችን በደብዛዛ ብርሃን ቀለም መለየት ስለማይችል ኔቡላውን ግራጫ አድርጎ ያየዋል። የጋለ ሃይድሮጅን ግን 656 ናኖ ሜትር አካባቢ ባለ የሞገድ ርዝመት ቀይ ብርሃን ይረጫል። ካሜራ ሹተሩን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ ያን ብርሃን ጠብታ በጠብታ ያጠራቅማል። ስለዚህ ፎቶው ላይ የምታዩት ቀይ የፎቶሾፕ ፈጠራ አይደለም፤ እኛ ዓይናችን ያልቻለው ነው።

የናሙና ብዛት ነገር

ስለ አነሳሱ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ክርክሬ የቆመው እሱ ላይ ነው።

ምድር ስለምትዞር ሰማዩ በሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ይንቀሳቀሳል። በ2 ደቂቃ ውስጥ ከዋክብት የአንድ ሙሉ ጨረቃ ስፋት ያህል ይሄዳሉ። ካሜራችሁን ትራይፖድ ላይ አስቀምጣችሁ ሹተሩን ለረጅም ጊዜ ብትከፍቱት ኮከቡ ነጥብ ሳይሆን ሰረዝ ሆኖ ይወጣል። ለዚህ አንድ ቀላል ሕግ አለ፤ 500ን ለሌንሱ የትኩረት ርዝመት ታካፍሉታላችሁ። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 10 ሰከንድ መሆኑ ነው። ሴንሰሩ አነስ ያለ ካሜራ ከሆነ ወደ 6 ሰከንድ ይወርዳል። ስልክ ሰፊ ሌንስ ስላለው 15 ሰከንድ ይችላል።

በ6 ሰከንድ ምን ይገኛል? ብቻውን ምንም። ስለዚህ አንድ ፎቶ ሳይሆን መቶ፣ ሁለት መቶ ፎቶ ይነሳል። ከዚያ ሲሪል ወይም ዲፕስካይስታከር የሚባሉ ነጻ ሶፍትዌሮች ከዋክብቱን እያገጣጠሙ ፎቶዎቹን አንዱን በሌላው ላይ ይደራርቧቸዋል። ኔቡላው በሁሉም ፎቶ ላይ እዚያው ቦታ ስላለ ይጠነክራል። የሴንሰሩ ጫጫታ ግን በየፎቶው ስለሚለያይ እርስ በእርሱ ይጣፋል።

እዚህ ላይ የኢኮኖሚክስ ተማሪ የነበረ ሰው ፈገግ ይላል፤ ምክንያቱም ይህ ስታትስቲክስ ክፍል የተማርነው ነው። የናሙናው ብዛት ሲጨምር ስህተቱ የሚቀንሰው በብዛቱ ስኩዌር ሩት ነው። 100 ፎቶ ስትደራርቡ ጥራቱ በ100 ሳይሆን በ10 እጥፍ ይሻላል። በእጥፍ ማሻሻል ከፈለጋችሁ አራት እጥፍ ጊዜ ማሳለፍ አለባችሁ። 1 ሰዓት የፈጀውን ፎቶ በእጥፍ ለማጥራት 4 ሰዓት ማለት ነው። ቀስ በቀስ ጥቅሙ እየቀነሰ የሚሄድ ኢንቨስትመንት ነው፤ ግን ሁልጊዜም የሚከፈልበት ምንዛሪ አንድ ነው፦ ሌሊት ውጭ የሚያሳልፉት ሰዓት።

ከዋክብቱን እየተከተለ ካሜራውን የሚያዞር መሣሪያ ካለ ደግሞ ነገሩ ይቀልላል። ፋብሪካ የሠራውን መግዛት ካልቻላችሁ አናጢ ሊሠራላችሁ ይችላል። ሁለት ጣውላ፣ አንድ ማጠፊያ፣ አንድ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን ይበቃል። የተለመደው የ6 ሚሊ ሜትር ብሎን አንድ ዙር ሲዞር 1 ሚሊ ሜትር ይጓዛል። ብሎኑን ከማጠፊያው 22.9 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ትክሉትና በደቂቃ አንድ ዙር እያዞራችሁ ትቆማላችሁ። ጣውላው ልክ ምድር በምትዞርበት ፍጥነት ይከፈታል። ማጠፊያው ወደ ሰሜን ኮከብ ማመልከት አለበት፤ እሱ ደግሞ ከጎንደር ሲታይ ከአድማሱ 12.6 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ በሰሜን በኩል ተራራ ወይም ፎቅ ያልጋረደው ቦታ መምረጥ ግድ ይላል።

ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ከአንድ ሠርግ ፎቶግራፈር በተዋስነው ካሜራ ይህን ሞክረነዋል፤ ያውም ያለ ጣውላው፣ ከግቢ ውስጥ። 120 ፎቶ፣ እያንዳንዱ 6 ሰከንድ፣ በድምሩ 12 ደቂቃ። የወጣው ነገር አውራ ጣት የሚያህል፣ ሮዝ መልክ ያለው ጭስ ነበር። ለጎረቤታችን ለእማማ ባሳያቸው «እና ይሄ እዚሁ ከቤታችን በላይ ነው ያለው?» አሉኝ። አዎ እማማ፣ ከቤታችን በላይ። ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩት።

ለምን እዚህ?

በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ከዓለም ሕዝብ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው በሰው ሠራሽ ብርሃን በተበከለ ሰማይ ሥር እንደሚኖር፣ ከሦስት ሰው አንዱ ደግሞ ፍኖተ ሐሊብን ከመኖሪያው ማየት እንደማይችል አስልቷል። አውሮፓ ውስጥ ያለ ሰው ጨለማ ፍለጋ ብዙ ሰዓት መኪና ይነዳል። አንድ የደባርቅ ልጅ ከቤቱ ወጥቶ ጥቂት ሲራመድ ያገኘዋል።

ጨለማ ብቻም አይደለም። ከጎንደር በኮሶዬ፣ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርገን ደባርቅ ስንደርስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነን። ፓርኩ ውስጥ ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ጨነቅ ደግሞ 3,600 አካባቢ። 3,600 ሜትር ላይ የቆመ ሰው ከምድር አየር ከሲሶ በላዩ ከእግሩ ሥር ነው። የኮከብ ብርሃን የሚያልፍበት አየር ሲሳሳ ምስሉ ይጠራል። ከጥቅምት ጀምሮ ደግሞ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ለወራት ይከፈታል።

ሌላው ዕድላችን የቆምንበት ቦታ ነው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ እናያለን። የሰሜን ኮከብን እያየን ዞር ስንል የደቡብ መስቀልን እናገኛለን። በሚያዝያ ምሽቶች ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ የሚታየው የካሪና ኔቡላ ከኦሪዮን የሚሰፋ ግዙፍ ደመና ነው፤ ለንደን ወይም በርሊን ያለ ሰው ከአገሩ ሆኖ ዕድሜውን ሙሉ ቢጠብቅ አያየውም።

ይህ ሁሉ በሥነ ፈለክ ሰዎች ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ከተመሠረተ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስንት ነገር ተሞክሯል። እንጦጦ ላይ ባለ 1 ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ግን አዲስ አበባ በብርሃን እየተጥለቀለቀች ስትመጣ እንጦጦ ከሥሩ ያለውን ከተማ ማምለጥ አይችልም። ለተሻለ ማዕከል የላሊበላ አካባቢ ተራሮች ሲጠኑ የቆዩትም ያለ ምክንያት አይደለም። የሰሜኑ ደጋ ሰማይ ዋጋ እንዳለው ባለሙያው ያውቃል። የማናውቀው ከሥሩ የምንኖረው ነን።

ስለ ገንዘቡ እንነጋገር

«መሣሪያው ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። በ2023 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የወጣ ሲስታር ኤስ50 የሚባል ትንሽ ዘመናዊ ቴሌስኮፕ አለ። 2.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። በስልክ ይታዘዛል፣ ኔቡላውን ራሱ ፈልጎ ያገኛል፣ ራሱ ይከተላል፣ ፎቶዎቹንም ራሱ ይደራርባል። ከስልካችሁ ጋር በራሱ ዋይፋይ ስለሚገናኝ ተራራ ላይ ኔትወርክ ባይኖርም ይሠራል። ሲወጣ ዋጋው 499 ዶላር ነበር።

499 ዶላር ያኔ በባንክ ምንዛሪ 28 ሺህ ብር አካባቢ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ያው ዕቃ ሳይለወጥ ከ50 ሺህ ብር በላይ ሆነ፤ ከዚያም ወዲህ አልረከሰም። በዚህ ላይ ቀረጡ፣ 15 በመቶ ቫቱ፣ 10 በመቶ ሱር ታክሱ ይደመራል። ሥራ የጀመረ ወጣት ለብቻው ይግዛው ማለት ቀልድ ነው።

ግን ማን ለብቻው ይግዛ አለ? እኛ እኮ የዕቁብ አገር ሰዎች ነን። 20 ሰው በወር 500 ብር ቢጥል በወር 10 ሺህ ብር ይሆናል። አንድ ቴሌስኮፕ ማታ ማታ እየተዘዋወረ የሚሠራ የጋራ ዕቃ መሆን ይችላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲን የሚያህል ተቋም ያለው ከተማ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፊዚክስ ክበብ ያላቸው ከተማ፣ አንድ እንዲህ ያለ መሣሪያ በጋራ ለመያዝ አቅም የለውም ብዬ አላምንም። ዋጋው ከባድ ነው፤ ግን የማይፈታ አይደለም።

ቻይናም ሆነ ጀርመን ሠርቶ የማይሸጥልን፣ በዕቁብም የማይገዛው ሌላኛው ነገር ነው።

ሌሊቱ የማን ነው?

እስቲ ሒሳቡን አስታውሱ፦ ጥሩ ፎቶ 4 ሰዓት ይፈልጋል። 4 ሰዓት ሌሊት፣ ከከተማ ውጭ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ብረት እግር ላይ የተሰካ ረጅም ሌንስ ይዞ መቆም። አሁን ይህን በሰሜን ጎንደር አስቡት።

በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ነበር። እሱ በረደ ስንል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በክልሉ ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ጎንደርን ጨምሮ በከተሞች የሰዓት እላፊ መጣ። ሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። አዋጁ ጊዜው ቢያበቃም ከከተማ ወጣ ብሎ ማደር እስካሁን ሁለቴ የሚያሳስብ ነገር ሆኖ ቀርቷል። ከመሸ የሚንቀሳቀስ ሰው የሁለቱም ወገን ጥያቄ አለበት፦ ማነህ? የያዝከው ምንድን ነው? ለማን ነው የምታነሳው?

«ኔቡላ» ብሎ መመለስ ይቻላል። ማን እንደሚያምን እንጃ።

ወጣት ሴት ከሆነች ደግሞ ጥያቄው ከጦርነቱም በፊት ነበረ። እኛ ወንዶቹ አሁን «ሌሊቱን ተቀማን» ስንል እህቶቻችን «እኛስ መቼ ሰጣችሁን?» ቢሉ ትክክል ናቸው።

ስለዚህ አንዳንድ ሰው «ሕዝቡ ሰላም አጥቶ፣ ዳቦ ተወድዶ አንተ ስለ ኮከብ ታወራለህ?» ሲለኝ አልናደድም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን መልሴ ይሄ ነው፦ ሰላም መኖሩን በምን ትለካዋለህ? በመግለጫ? በከተማ መሃል በተከፈተ መንገድ? እኛ ኢኮኖሚክስ ያጠናን ሰዎች መለኪያ እንወዳለን፤ እኔ የምሰጠው መለኪያ ቀላል ነው። አንዲት የ20 ዓመት ልጅ ኮሶዬ ላይ ጋቢ ለብሳ፣ ካሜራ ተክላ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ቆማ፣ ማንም ሳይነካት ቤቷ ከገባች ሰላም አለ። ካልቻለች ገና ነው። ይህ የቅንጦት መለኪያ አይደለም። ያቺ ልጅ የቆመችበት መንገድ ላይ በዚያው ሌሊት ምጥ የያዛት እናት ወደ ጤና ጣቢያ ታልፋለች፤ ነጋዴው እህሉን ጭኖ ያልፋል።

ኮከብ መቁጠር

ሌላም የሚጎትተን ነገር አለ፤ ከራሳችን የመጣ። ልጅ ሆነን ኮከብ ስንቆጥር «ኪንታሮት ያወጣባችኋል» እንባል ነበር። ኮከብ ቆጣሪ ማለት ደግሞ እጣ ፈንታ ነጋሪ ማለት ነው። ወደ ሰማይ አብዝቶ የሚያይ ሰው ወይ ጠንቋይ ነው ወይ ሥራ ፈት። እኔም «ኮከቤን ቁጠርልኝ» ተብዬ አውቃለሁ፤ ያውም ከተማረ ሰው።

የሚገርመው ይህ ከተማ ሰማይን በማየት ታሪክ ያለው መሆኑ ነው። ሰማያዊ አካላት እንዴት እንደሚጓዙ የሚያትት ሰፊ ክፍል ያለው መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። ባሕረ ሐሳብን የሚያሰሉ ሊቃውንት ዛሬም በየአድባራቱ አሉ። በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ቴሌስኮፕና የኮከብ ከፍታ መለኪያ ይዞ መጥቶ፣ ከዋክብትን እያየ የከተማዋን አቀማመጥ ለክቷል። ሲመለስም የመጽሐፈ ሄኖክን ቅጂዎች ይዞ ሄደ። ልብ በሉ፤ ከ250 ዓመት በፊት ጎንደር ውስጥ ቴሌስኮፕ ነበር። የመጣው ሰው ሰማያችንን ለካ፣ መጽሐፋችንንም ይዞ ሄደ። እኛ ዛሬም ሰማያችንን በሌላ ሰው ፎቶ እያየን ነው።

በ2019 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለአገሮች ኮከብ የመሰየም ዕድል ሲሰጥ፣ ኢትዮጵያ በአንድሮሜዳ ህብረ ኮከብ ውስጥ ያለችውን አንዲት ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያዋ የምትዞረውን ፕላኔት ደግሞ «አቦል» አለቻቸው። ደስ የሚል ስም ነው። ግን ስም ማውጣትና ራስ ማየት ይለያያል። አቦል ከተባለ ቶናና በረካም መቅረብ አለበት።

እና ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ መብራቱን እናስብበት። ጎንደር የኮሪደር ልማት ላይ ናት፤ መንገዶቿ እየበሩ ነው። መብራት አትትከሉ እያልኩ አይደለም፤ ጨለማ ሰፈር ውስጥ ማታ የሚገባ ሰው መብራት ይገባዋል። የምለው መብራቱ ወደ መንገዱ ይብራ ነው። ከላዩ ክዳን ያለው፣ ወደ ታች ብቻ የሚያበራ፣ ሞቅ ያለ ቢጫ ብርሃን የሚሰጥ አምፖል እግረኛውን ያሳያል፣ ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፣ ሰማዩንም አያጠፋም። ይህን ገና ሲተከል ማድረግ ቀላል ነው፤ ከተተከለ በኋላ መቀየር ግን ሌላ ወጪ ነው። ዳባትና ደባርቅ ደግሞ ከጎንደር ቀድመው ሊማሩበት ይችላሉ።

ሁለተኛ፣ ጨለማው ገቢ እንደሚያመጣ እንወቅ። በናሚቢያ ናሚብራንድ የሚባለው የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ በ2012 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ እውቅና አግኝቷል፤ በአፍሪካ የመጀመሪያው ነበር። ዛሬ ሰዎች ከአውሮፓ ካሜራቸውን ተሸክመው የሚሄዱት እዚያ ነው። ስሜን ተራሮች ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ቱሪስቱ የሚመጣው ቀን ላይ ጭላዳና ዋልያ ለማየት ነው። ሰማዩን ለማየት አንድ ሌሊት ቢጨምር ለአስጎብኚው፣ ለበቅሎ ጫኚው፣ ለምግብ አብሳዩ አንድ ቀን ተጨማሪ ሥራ ማለት ነው። ሰላሙ ሲመለስ የምንሸጠው አዲስ ነገር ከአሁኑ ይዘጋጅ።

ሦስተኛ፣ መሣሪያው በሕግ ይታወቅ። ለትምህርት የሚገባ ቴሌስኮፕ ቀረጡ ቢነሳለት አገሪቱ የምታጣው ገቢ ከቁጥር አይገባም። ክበብ ተቋቁሞ፣ መታወቂያ ይዞ፣ ቦታና ሰዓት አሳውቆ ሌሊት መሥራት የሚቻልበት ግልጽ አሠራር ቢኖር ደግሞ «ማነህ?» ለሚለው ጥያቄ የሚታመን መልስ ይኖራል።

አራተኛው የእናንተ ነው፤ ማንንም አይጠይቅም። ከግቢያችሁ ሳትወጡ መጀመር ይቻላል። ስልካችሁ ፕሮ ሞድ ካለው አይኤስኦውን 1600፣ ሹተሩን 15 ሰከንድ፣ ፎከሱን ወደ መጨረሻው ሩቅ አድርጉት። ትራይፖድ ከሌላችሁ ስልኩን ድንጋይ አስደግፉት። ስትጫኑት እንዳይነቃነቅ 3 ሰከንድ ታይመር ስጡት። ጨረቃ የሌለችበትን ሌሊት ምረጡ። ስቴላሪየም የሚባለውን አፕ አውርዳችሁ ኦሪዮን የት እንዳለ እዩ። 50 ፎቶ አንሱና ደራርቧቸው። የምታገኙት የናሳን አይመስልም፤ ትንሽ ሮዝ ጭጋግ ነው። ግን ያን ብርሃን የያዘው የእናንተ ስልክ ነው።

ያነሳችሁትን ስትለጥፉ ቦታውን ጻፉበት፦ አዘዞ፣ ማራኪ፣ ዳባት፣ አምባ ጊዮርጊስ። የእነዚህ ቦታዎች ስም ኢንተርኔት ላይ ሲፈለግ የሚመጣው የተኩስ ዜና ብቻ መሆኑ ይብቃ።